ጭቃው ምን ይተነፍሳል? በወንዝ ደለልና በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ረቂቅ ተህዋስያን ብክለትን ሲያፈርሱ ለማየትና ለመመዘን

ከቀበና ድልድይ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ታጥፎ ፍጥነቱን በሚቀንስበት ቦታ፣ በውስጠኛው ዳር የተኛውን ደለል በማንኪያ ገለጥ ቢያደርጉት ላዩ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ጥቂት ሚሊሜትር ወረድ ሲሉ ግን እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ያገኙታል። ብዙ ሰው ይህን ጥቁረት የቆሻሻ ምልክት ብቻ አድርጎ ያየዋል። በእርግጥም ከጥቁረቱ ጀርባ ከየቤቱ የሚወጣ ፍሳሽ አለ። ቡናማው ከጥቁሩ የሚለይበት መስመር ግን ከዚህ የበለጠ ነገር ይናገራል፤ ኦክስጅን ከሚያልቅበት ቦታ ጋር በግምት የሚገጥም ድንበር ነውና። ከመስመሩ በላይ ያሉት ባክቴሪያዎች እንደ እኛ በኦክስጅን ይተነፍሳሉ፤ ከመስመሩ በታች ያሉት ደግሞ በናይትሬት፣ በዛገ ብረት ወይም በሰልፌት ይተነፍሳሉ። ጥቁረቱም በሰልፌት የሚተነፍሱት የሚያወጡት ሰልፋይድ ከብረት ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ነው።

ከእንጦጦ ወርደው የከተማውን መሀል የሚያቋርጡት ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንትይቀጡና ቀጨኔ ውሃቸው በመጨረሻ ከአቃቂ ጋር ተቀላቅሎ በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽ ይገባል። በዚህ ጉዞ ውስጥ ውሃው ከሚሸከመው ብክለት ከፊሉ በደለሉ ውስጥ ይፈርሳል። ይህ መመሪያ ያንን ሥራ በጠርሙስ አድርጎ እንዴት ማየት እንደሚቻል፣ ከዚያም የታየውን ይዞ የጉድጓድ ውሃን እንዴት ማንበብ እንደሚቻል ያስረዳል። የሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው በየቤቱ ያለ ነው፤ ጥቂቱ ከመድኃኒት ቤትና ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ይገኛል።

ምግብና ትንፋሽ

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ “ብክለት የሚበላ ባክቴሪያ ከየት ይገኛል?” የሚል ነው። ጥያቄው ከልብ የመነጨ ቢሆንም የሚጀምረው ከተሳሳተ ቦታ ነው። በአንድ ግራም የወንዝ ደለል ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እርሾው ቡሃቃው ውስጥ ነው። እርሾ ያለበት ሊጥ ሳይቦካ ከዋለ እናቶቻችን ሌላ እርሾ ፍለጋ አይሄዱም፤ ቤቱ በርዷል ወይ፣ ዱቄቱ ምን ዓይነት ነው፣ ውሃው በዝቷል ወይ ብለው ነው የሚጠይቁት። ስለ ደለልም መጠየቅ ያለበት “ተህዋስያኑ ምን ይበላሉ? ምንስ ይተነፍሳሉ?” የሚለው ነው፤ ከሁለቱም ይበልጥ የሚዘነጋው ሁለተኛው ነው።

ምግቡ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ነገር ነው፤ የፍሳሽ ቆሻሻ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ናፍጣ ወይም ሌላ ካርቦን የያዘ ውሁድ ሊሆን ይችላል። ትንፋሹ ደግሞ ያንን ኤሌክትሮን የሚቀበል ነገር ነው። ከተቀባዮቹ ሁሉ ብዙ ኃይል የሚያስገኘው ኦክስጅን ስለሆነ እርሱ እያለ ሌላው እምብዛም አይነካም። ኦክስጅን ሲያልቅ ናይትሬት፣ ቀጥሎ ማንጋኒዝ፣ ቀጥሎ የዛገ ብረት፣ ከዚያ ሰልፌት ይከተላሉ፤ ሁሉም ሲሟጠጥ ሚቴን የሚያመርቱት ይቀራሉ። የዚህ መሰላል እርከኖች በተፈጥሮ አንዳንዴ ቢደራረቡም ቅደም ተከተላቸው ግን የታመነ ነው። በብረት መተንፈስ ለሰሚው እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ጂኦባክተር የተባለው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1987 ተለይቶ የወጣው በዋሽንግተን ከተማ ዳር ከሚያልፈው ከፖቶማክ ወንዝ ደለል ነው፤ ያም እንደ እኛው የወንዝ ደለል ነው።

የመጀመሪያው እርከን በከተማችን ከሌላው ቦታ ይልቅ ጠባብ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ በባሕር ወለል አካባቢ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ከ7 ሚሊግራም እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ፍሳሽ የገባበት ወንዛችን የኦክስጅን ስንቁን ቶሎ ይጨርሳል፤ ሥራውም በፍጥነት ወደ ታችኞቹ እርከኖች ይወርዳል።

ደለሉን መውሰድ

የሚመረጠው ጊዜ በጋው ነው፤ በጥርና በየካቲት ወንዙ ረግቶ ስለሚፈስ ደለሉ ድርብርቡን ይጠብቃል። በክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ደራሽ ደለሉን ጠርጎ ይወስደዋል፤ ሰውንም እንዲሁ ሊወስድ ስለሚችል ደመና በሰሜን በኩል ሲጠቁር ከወንዙ መውጣት ግድ ነው። ጓንትና ቦት ጫማ ያድርጉ፤ ቁስል ካለዎት ሌላ ሰው ይቅዳልዎት። ይህ ውሃ ታይፎይድና ሌላም የአንጀት በሽታ ሊያስይዝ የሚችል በመሆኑ ከሥራው በኋላ እጅን በሳሙና አጥቦ ሳይጨርሱ ምንም ወደ አፍ አያስጠጉ። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ መርዝ ነው፤ ደለሉን ወደ አፍንጫ አቅርቦ ማሽተት አይገባም።

ከላይኛው 5 ሴንቲሜትር ሁለት ሊትር ያህል ደለል በሰፊ አፍ ማሰሮ ይውሰዱ፤ አየር እንዳይቀር በዚያው በወንዙ ውሃ እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑት፤ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉበት። ሰባት ሊትር ያህል የወንዝ ውሃም ለብቻው ይያዙ። እቤት ሲደርሱ ድንጋዩንና ቅጠሉን ዳግመኛ ለምግብ በማይውል ወንፊት ያጥሉ፤ ዝግጅቱንም በዚያው ቀን ይጀምሩ።

ከሁሉም በላይ አስፈላጊ የሆነው፣ ነገር ግን ብዙ ተማሪ የሚዘለው፣ የሞተ ደለል ማዘጋጀት ነው። ከደለሉ አንድ ሦስተኛውን ለይተው በተጣለ ድስት፣ ደጅ ላይ፣ ግማሽ ሰዓት ያፍሉት። አንድ ጊዜ ማፍላት አይበቃም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚፈጥሩት ጠንካራ ስፖር ደግሞ መቶ ዲግሪንም ይቋቋማል። ስለዚህ ማፍላቱን ሦስት ቀን በተከታታይ ይድገሙት፤ በመጀመሪያው ቀን የተረፈው ስፖር ሌሊቱን ሲነቃ በማግስቱ ያገኘዋል። የቀረውን ሕያው ደለል እስከዚያ ድረስ በቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ያቆዩት፤ ሁለቱ አብረው እንዲጀምሩ ከፈለጉ አፍልተው ሲጨርሱ ከወንዙ አዲስ ደለል መቅዳት ይሻላል። ይህ ድካም የማይታለፍበት ምክንያት ቀጥሎ ባለው ሙከራ ግልጽ ይሆናል።

ሰማያዊው ጠርሙስ

ሦስት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያዘጋጁ። በአንደኛው አንድ የሻይ ማንኪያ ሕያው ደለል፣ በሁለተኛው ያንኑ ያህል ሕያው ደለልና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በሦስተኛው የሞተውን ደለል ይጨምሩ። በወንዙ ውሃ ይሙሏቸው፤ ለሦስተኛው የሚገባው ውሃም የፈላና የቀዘቀዘ ይሁን። ከመድኃኒት ቤት ወይም ከቤተ ሙከራ ያገኙትን ሜቲሊን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ቀለም፣ ውሃው የጠራ ሰማይ እስኪመስል ድረስ በየጠርሙሱ አንድና ሁለት ጠብታ ያንጠባጥቡ፤ በእኩል መጠን መሆኑን አይዘንጉ። እስከ አፍ ሞልተው ይክደኑና ከፀሐይ ያርቁ።

ሜቲሊን ብሉ ኤሌክትሮን ሲቀበል ቀለሙን ያጣል፤ ኦክስጅን ሲያገኝ ቀለሙ ይመለሳል። ባክቴሪያዎቹ በውሃው ያለውን ኦክስጅን ሲጨርሱ ኤሌክትሮኑን ለቀለሙ መስጠት ይጀምራሉ። ሰማያዊው የሚጠፋው ከታች፣ ደለሉ ካረፈበት በኩል ነው፤ መጀመሪያ ጭጋግ የመሰለ ነጣ ያለ ንብርብር ከጭቃው በላይ ይታያል፤ እርሱ ከፍ እያለ ሄዶ በመጨረሻ ከክዳኑ ሥር፣ የአየር አረፋ ከቀረበት ቦታ፣ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት ብቻ ይቀራል። ስኳር የገባበት ይቀድማል። ምግብ ሲበዛ ትንፋሽ ቶሎ እንደሚያልቅ የሚያሳየው ይህ ነው፤ ፍሳሽ የተለቀቀበት ወንዝ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው።

የሞተውን ጠርሙስ ሲያዩ ግን እርሱም በመጠኑ ሊፈዝ ይችላል። ሜቲሊን ብሉ ከሸክላ አፈር ጋር በኃይል የሚጣበቅ ቀለም ነው፤ የከተማችን ጥቁር የዋልካ አፈር ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አጥብቆ በመያዝ የታወቀ ነው። በደለሉ ውስጥ ያለው ሰልፋይድም ያለ ማንም እርዳታ ቀለሙን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ሕያው ጠርሙሶች ከሞተው ምን ያህል ቀደሙ የሚለው ልዩነት ነው የተህዋስያኑ ሥራ። ቀጥሎም ከሦስቱም ሩቡን ውሃ ደፍተው ይክደኑና ይናጡ፤ ቀለሙ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ጠፍቶ ከነበረ ሰማያዊው ወዲያው ይመለሳል፤ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ከሆነ ግን አይመለስም። ከውሃ የጠፋ ነገር ሁሉ ፈርሷል ማለት አይደለም። ይህን በዓይን ያየ ተማሪ በኋላ የጉድጓድ ውሃ ውጤት ሲያነብ በቀላሉ አይታለልም።

የናይትሬት ጠርሙስ

ናይትሬት ለከተማ የከርሰ ምድር ውሃ ዋነኛ ጉዳይ ነው፤ ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሚሰርገው አሞኒያ አየር ባለበት አፈር ውስጥ በሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ተለውጦ በዓለት ስንጥቅ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። በጠርሙስ የምንሠራውም በዚያው መጠን ይሁን። 8.2 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት በአንድ ሊትር ውሃ ያሟሙ፤ ከዚህ 10 ሚሊሊትር ወደ አንድ ሊትር ሲጨመር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ይሰጣል።

ሦስት የሁለት ሊትር ሃይላንድ እስከ ሩባቸው በደለል፣ የቀረውን በወንዙ ውሃ ይሙሉ፤ ሁለቱ ሕያው ደለል፣ አንዱ የሞተ ይኑራቸው፤ ለሞተው የሚገባው ውሃ እዚህም የፈላና የቀዘቀዘ ይሁን። ከሕያዎቹ ለአንዱና ለሞተው ናይትሬቱን ይጨምሩ። ክዳን ከማጥበቅ ይልቅ በአፋቸው ላይ ፊኛ ይግጠሙ፤ ጋዝ ስለሚወጣ በደንብ የተዘጋ ጠርሙስ ሊፈነዳ ይችላል። በጥቁር ፌስታል መሸፈን አለባቸው፤ ብርሃን ካገኙ አልጌ ይበቅልና ናይትሬቱን ለራሱ ይወስደዋል፤ እርስዎም የባክቴሪያ ሥራ ይመስልዎታል።

በየቀኑ በመመርመሪያ ወረቀት ናይትሬትንና ናይትራይትን ይለኩ። በሕያው ጠርሙስ ናይትሬቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርዳል፤ በመካከል ናይትራይት ብቅ ብሎ ተመልሶ ይጠፋል፤ ከጭቃው ውስጥም ጥቃቅን የናይትሮጅን ጋዝ አረፋዎች ይወጣሉ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ናይትሬት ካልተጨመረበት ጠርሙስ ጋር ሲተያይ የሚገኘው ነው። ያኛው ቀድሞ ይጠቁራል፤ ናይትሬት ያለው ግን ናይትሬቱ እስኪያልቅ ቡናማነቱን ይዞ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጥቁረቱ የሚጀምረው። የመሰላሉን ቅደም ተከተል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ሥዕል አላውቅም።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ናይትሬትን ወደ ጋዝ ሳይሆን መልሰው ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ በተለይ ምግቡ በዝቶ ናይትሬቱ ሲያንስ። አሞኒያም ካልተለካ ናይትሮጅኑ ከውሃው ወጥቷል ብሎ መደምደም አይቻልም። ሁለተኛ፣ ጠርሙሱን ሞቅ ያለ ቦታ አያስቀምጡ። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የባክቴሪያዎች ሥራ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ በምድጃ አጠገብ የተገኘ ፍጥነት የወንዙ ፍጥነት አይደለም።

ከጠርሙስ ወደ ጉድጓድ

በጉድጓድ ውሃ ላይ የሞተ ደለል ማስቀመጥ አይቻልም፤ የሚተካው ክሎራይድ ነው። ክሎራይድ ከጨውና ከሽንት ጋር አብሮ ይመጣል፤ ባክቴሪያ አይበላውም፣ አይተነፍሰውም፣ ከአፈርም ጋር እምብዛም አይጣበቅም። ለምሳሌ ከሽንት ቤት አጠገብ ባለ ጉድጓድ ናይትሬት 60፣ ክሎራይድ 80 ሚሊግራም ቢገኝና ዝቅ ብሎ ባለው ጉድጓድ ናይትሬት 30፣ ክሎራይድ 40 ቢገኝ፣ ሁለቱም በግማሽ ስለቀነሱ ውሃው ቀጠነ እንጂ ምንም አልፈረሰም። ዝቅ ባለው ጉድጓድ ክሎራይዱ 72፣ ናይትሬቱ 15 ቢሆን ግን፣ በመቅጠን ብቻ ናይትሬቱ 54 መሆን ስለነበረበት የጎደለውን 39 ሚሊግራም የወሰደው ሌላ ነገር ነው።

ይህን የተማርኩት ስሕተት ሠርቼ ነው። በአንድ የበልግ ወቅት ከተማሪዎቼ ጋር የምንከታተለው ጉድጓድ ናይትሬቱ ሲወርድ አይተን ተህዋስያኑ ሥራቸውን ጀመሩ ብዬ አስተማርኩ፤ የጉድጓዱ ባለቤት የሆኑት እናትም ደስ አላቸው። ከሳምንታት በኋላ በዚያው ማስታወሻ ውስጥ ያለውን ክሎራይድ ሳየው እኩል ወርዶ ነበር፤ የዝናብ ውሃ ገብቶበት እንጂ የፈረሰ ነገር አልነበረም። ሄጄ “እማማ፣ ተሳስቼ ነው የነገርኩዎት፤ ውሃው አልጠራም” ማለት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ክሎራይድ ሳይለካ ስለ ናይትሬት አልናገርም።

ያለ መሣሪያም ብዙ ይነበባል። ሲቀዳ ጥርት ብሎ የነበረ ውሃ በባልዲ ሲያድር የዛገ ዝቃጭ ካስቀመጠ፣ ወይም ሻይ ሲፈላበት ያለ ልማዱ ከጠቆረ፣ ከመሬት በታች በብረት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች አሉ ማለት ሊሆን ይችላል፤ የሟሟ ብረት አየር ሲነካው ይዝጋልና። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ካለው ሥራው ወደ ሰልፌት ወርዷል። በሁለቱም ናይትሬት ዝቅተኛ ሆኖ ይገኛል፤ ይህ ግን ውሃው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ምግብ፣ ማለትም ብዙ ፍሳሽ፣ እየደረሰበት ነው የሚል ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ውሃ ሳይመረመር አይጠጣ።

ነዳጅና የልብስ ማጽጃ

በከተማው መሀል ጋራዥና ማደያ ያልጎበኘው ሰፈር የለም። ከነዳጁ ቤንዚን ውስጥ በጣም አሳሳቢው ቤንዘን የተባለው ውሁድ ነው፤ ካንሰር ያስከትላል፣ በውሃም በቀላሉ ይሟሟል፤ ለመጠጥ ውሃ የተቀመጠለት መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ቶሎ ያፈርሱታል፤ ያለ ኦክስጅን ግን እጅግ ዘገምተኛ ይሆናሉ። ሂሳቡ እንዲህ ነው፤ አንድ ሚሊግራም ቤንዘን ሙሉ በሙሉ ለማፍረስ 3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። ውሃችን የሚይዘው ከፍተኛው 7 ሚሊግራም ከሆነ፣ አየር እንደገና ካልደረሰው በቀር በሊትር ከ2 ሚሊግራም ትንሽ በላይ ብቻ ማፍረስ ይችላል ማለት ነው፤ ቤንዘን በውሃ የሚሟሟው ግን በሊትር ከ1,700 ሚሊግራም በላይ ነው። ለዚህ ነው ነዳጅ በፈሰሰበት ቦታ ባክቴሪያ ገዝቶ ማፍሰስ እምብዛም የማይረዳው፤ የጎደለው ትንፋሽ ነውና አየር በቧንቧ ይነፋል፣ ወይም ናይትሬትና ሰልፌት ይሰጣል።

በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ቤሚጂ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ ድፍድፍ ዘይት መሬት ውስጥ ከገባ ወዲህ ተመራማሪዎች ለአሥርታት ተከታትለውታል፤ ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅኑን ጨርሰው በብረት መተንፈስና ሚቴን ማምረት ድረስ ሲወርዱ፣ የተበከለው ውሃም ያለ እነርሱ ሊደርስ ከሚችለው ርቀት በእጅጉ ቀርቶ ታይቷል። ይህን ውጤት እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ግን አይገባም። እዚያ ያለው አሸዋ ነው፤ ውሃው ቀስ ብሎ በእህል መሳይ ቅንጣቶች መካከል ያልፋል። ከእኛ በታች ያለው በአብዛኛው የተሰነጠቀ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው፤ በስንጥቅ የሚሮጥ ውሃ ለባክቴሪያው ጊዜም ማረፊያ ገጽም አይሰጠውም።

የልብስ ማጽጃ ቤቶች የሚጠቀሙበት ፐርክሎሮኤቲሊን ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። ለአንዳንድ ባክቴሪያዎች እርሱ ምግብ አይደለም፣ ትንፋሽ ነው፤ ክሎሪኖቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ይተነፍሱበታል፤ ይህም የሚሆነው ኦክስጅን በሌለበት ነው። ለቤንዘን መድኃኒት የሆነው አየር ለዚህ እንቅፋት ይሆናል። ሰንሰለቱ መሀል ላይ ከቆመ የሚቀረው ቪኒል ክሎራይድ ከመጀመሪያው የባሰ መርዝ ነው፤ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ጉዳት የለሹ ኤቲሊን ድረስ የሚያደርሱት ዲሃሎኮኮይዲስ የተባሉት ናቸው። ባክቴሪያ ከውጭ ማምጣት በእርግጥ ሊጠቅም የሚችለው እንዲህ ባለው ጠባብ ሁኔታ ነው።

እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረታ ብረቶች አይፈርሱም። አደገኛው ክሮሚየም ስድስት በደለል ውስጥ ወደ ክሮሚየም ሦስት ተለውጦ ሊረጋ ይችላል፤ ግን እዚያው ነው ያለው።

ሙከራው ሲያበቃ ጠርሙሶቹን ደጅ ላይ ይክፈቱ፤ ነፋሱን ከጀርባዎ ያድርጉ። ውሃውን በረኪና ሳይቀላቅሉ ወደ መጸዳጃ ቤት ይድፉ፤ ሰልፋይድና በረኪና አብረው አይሄዱም፤ በረኪናው በኋላ ባዶውን ዕቃ ለማጠብ ነው። ከመድፋትዎ በፊት ግን ከጥቁሩ ጭቃ አንድ ማንኪያ በነጭ ሳህን ላይ ዘርግተው ያቆዩ። አየሩ ሲነካው መጀመሪያ ጠርዙ፣ ከዚያ ላዩ ሁሉ ወደ ቡናማ ይመለሳል፤ የብረት ሰልፋይዱ እንደገና እየዛገ ነው። የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከግንፍሌ ወይም ከባንትይቀጡ የሚቀዱትን ጭቃ የሚያወዳድሩበት ቁጥር እርሱ ነው።